ምንም ከሌለ እያፏጨህ ና

ደብሬ በሯን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው አባ ፈንታን ነው። ከአጠገባቸው ሼህ ይመር ቆመዋል። ሁለቱም ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ሁለቱም ምርኩዛቸውን ተደግፈዋል። ፀሐይ ገና አልወጣችም። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ደግሞ አንድ የማታውቀው ረጅም ሰው ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መሬት መሬት ያያል።

የወሎ ሰው ይህን አይቶ ማንንም አይጠይቅም። ሽማግሌ ተጠራርቶ፣ ጀምበር ሳትወጣ ደጅ ላይ ከቆመ መርዶ ነው።

«አንለይ...» አለች ደብሬ።

ከዚያ «ወንድሜን!» ብላ ደረቷን መታች።

የሰፈራ መንደር ጎጆው በመስመር የተደረደረ ስለሆነ አንዱ ቤት የተነሳ ለቅሶ እስከ መስመሩ ጫፍ ይሰማል። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ግን በዚያ የረሃብ ዘመን ማግስት የሚያለቅስለት ያልነበረው ማን ነበር? አንዷ ባሏን፣ አንዷ መንገድ ላይ የቀረ ልጇን፣ እያንዳንዷ የራሷን እያነሳች ለቅሶው ደራ።

ረጅሙ ሰው ከኋላ ሆኖ አንድ ነጭ ነገር ከፍ አድርጎ ያውለበልባል።

«ደብዳቤ ነው... እትዬ፣ ደብዳቤ ብቻ ነው...»

ማን ይስማው።

አባ ፈንታ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ምርኩዛቸውን ከበሩ መቃን ጋር እያጋጩ፣ «ዝም በሉ እናንተ ሰዎች! የሞተ የለም! አዲሱ ፖስተኛ ነው!» ብለው ጮኹ።

ዝም ለማለት ጊዜ ወሰደ። ለቅሶ አንዴ ከተነሳ እንደ ሰደድ እሳት ነው፤ ከዚህ ሲያጠፉት እዚያ ይያያዛል። በመጨረሻ ሁሉም ሲረጋ ፖስተኛው ደብዳቤውን እንዲያነብ ታዘዘ። እሱም አነበበው። ከደብሬ አክስት የተላከ ነው። እኛ ደህና ነን፣ ጎረቤቱ ደህና ነው፣ ላሚቱም ደህና ናት ይላል። ሁለት ገጽ ሙሉ ደህና ነው። መጨረሻው ላይ፣ «ወንድምሽን አንለይን ሳሚልኝ» ይላል።

ደብሬ ደብዳቤውን ተቀብላ አጠፈችው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግንባሯ ላይ አፈር አለ።

«ወንድሜን በቁሙ አስለቀስከኝ» አለችው። «በቁሙ የተለቀሰለት አይሰነብትም ይላሉ። ምን በድዬህ ነው?»

ሰውየው መልስ ፈለገ፤ አጣ። ያገኘው ነገር ቢኖር ውበቷን ነው። ሰዓቱ ግን ይህን የሚያስቡበት ሰዓት አልነበረምና እሱንም ፈራ።

ስሙ ዱጋሳ ነው። የወለጋ ልጅ ነው። ፈሪ ነበር ስንል ስሙን ለማጥፋት አይደለም፤ እሱም አይክደውም። ባምባሲ አጠገብ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሲሠራ መጋዙ በተነሳ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍን ነበር ይባላል። ጓደኞቹ «ዱጋሳ በፈሪነቱ ነው ጣቱ አሥር የሆነው» እያሉ ይስቁበት ነበር። አንድ ቀን መጋዙ ተሰበረ። መለዋወጫ ጠፋ። ሠራተኛው «ተቀንሳችኋል» ተባለና ተበተነ።

ዱጋሳም አሶሳ መጥቶ አክስቱ ጠጂቱ ቤት ተቀመጠ። ወንድ ልጅ እጁን አጣጥፎ የአክስቱን ቂጣ ሲበላ መክረም ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነው። ቂጣው ከጉሮሮው አይወርድም። በሚያዝያ 1978 የሰፈራው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ከአሶሳ ወደየመንደሩ የሚያደርስ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሮጦ ሄደ። ተወዳዳሪ አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ የገባው ሥራውን ከጀመረ በኋላ ነው። የቀርከሃው ጫካ ውስጥ ሽፍታ አለ ይባላል። ጅብ በቀን ይታያል ይባላል። የጥበቃው ሚሊሺያ ደግሞ ቦርሳ ያነገተ ሰው ካየ መጀመሪያ ጠመንጃውን ያዞራል፤ «ቁም» የሚለው ኋላ ነው።

ያን ቀን ማለዳ የሆነው እንዲህ ነው። ዱጋሳ ማታውን በእህል መኪና መጥቶ መጋዘን አደረ። ሰው ለማኅበሩ ሥራ ወደ እርሻ ሳይወጣ ደብዳቤውን ላድርስ ብሎ በጠዋት ተነሳ። አክስቱ «ብቻዋን የምትኖር ሴት ደጅ ብቻህን እንዳትቆም፣ ነውር ነው፤ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ» ብላው ነበር። እሱም ለክብሯ ብሎ ሁለት ሽማግሌ ለመነ። ሽማግሌዎቹም ደብዳቤ መሆኑን ስለሚያውቁ ደስ ብሏቸው ተከተሉት። እንዴት እንደሚታዩ ያሰበ የለም።

ለክብሯ ብሎ አልን። እውነቱን ከተናገርን ግን ደብሬ ትልቅ ውሻ ነበራት።

በሚቀጥለው ሳምንት ዱጋሳ ተመልሶ መጣ። ቀን ነው። ደብሬ ደጇ ላይ በቆሎ ትፈለፍላለች። እሱ መንገዱ ዳር ካለው ግራር ሥር ቆመ።

«ዛሬ ሽማግሌ የለም?» አለችው፤ ቀና ሳትል።

«የለም።»

«ደብዳቤስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ይቅርታ ልጠይቅ።»

«ጠይቃ።»

«ውሻውን ያዥልኝና።»

ደብሬ ቀና አለች። ከንፈሯን ነከሰች። የሳቀች መስሎ እንዳይታይባት መሆኑ ነው። ውሻውን ይዛ ከግንዱ ጋር አሰረችው።

ዱጋሳ ይቅርታውን ጠየቀ። ብዙ ቃል አልነበረውም። ከዚያ ግን መንገድ ላይ ሲያውጠነጥነው የመጣውን ነገር አነሳ።

«እኔ ብዙ መንደር እዞራለሁ። ከሁሉም ቦታ የሚመጣ ሾፌር አሶሳ አገኛለሁ። ወንድምሽን እየጠየቅሁ ላፈላልግልሽ?»

ደብሬ ፍልፈላዋን አቆመች።

«ወሎ መጠለያው ውስጥ አብረን ነበርን» አለች። «ውሃ ልቅዳ ብሎ ሄደ። አውቶቡሱ መጣ፤ ስም ተጠራ። ‹ወንድሜ ይምጣ› ስላቸው ‹በሚቀጥለው ይመጣል፣ ውጪ› አሉኝ። የሚቀጥለው ወዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ የሚነግረኝ የለም።»

«ምን ዓይነት ነው? መልኩ?»

«ቀይ ነው። የፊት ጥርሱን በሬ መትቶ ሰብሮበታል። ያፍርበታል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።» ድምጿ ተሰበረ። «ስቆ ግን አይጠግብም።»

«እጠይቃለሁ።»

ሊሄድ ሲል ጠራችው።

«ስማ... አንተን ከሩቅ ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። ያ ጠዋት አልወጣልኝም። ምንም ከሌለ እያፏጨህ ና። ካፏጨህ አልፈራም።»

«ወሬ ካለስ?»

«ካለ ለብቻዬ ንገረኝ። በቀን። ሽማግሌ አታምጣብኝ። ያን ዕለት መንደሩ ሁሉ መሬት ላይ ስንከባለል አየኝ። ሁለተኛ እንደዚያ መታየት አልፈልግም። ቃል ግባልኝ።»

ዱጋሳ ቃል ገባ። ፈሪ ሰው ቃል ለመግባት ችኩል ነው፤ ከፊቱ ያለውን ፍርሃት እንጂ ኋላ የሚመጣውን አያይም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የመንደሩ ሰው ፉጨት ይሰማ ጀመር። ፉጨት ማለት ይከብዳል። ከጫካው የሚወጣው አፉ ደርቆ ስለሆነ የሚሰማው እፍ እፍታ ነው። ደብሬ ግን ትለየዋለች። ውሻው ሳይቀር ለመደው።

በመንገዱ ላይ የሚያርፈው ሻዕባን ዘንድ ነበር። ሻዕባን የአገሩ ተወላጅ ነው፤ አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ማንጎውን በአህያ ጭኖ ሆሞሻና አሶሳ ገበያ ይነግዳል። ዱጋሳ እያፏጨ ሲመጣ ሲያይ ራሱን ይነቀንቃል።

«ዱጋሳ፣ ፉጨት እባብ ይጠራል።»

«አትበለኝ።»

«ወላሂ። እባብ ሰምቶ ይመጣል። አንተ ግን ለእባብ አይደለም የሚያፏጨው። ለደብሬ ነው። ደብሬ ጥሩ ነው። ቆንጆ ነው። አግባ።»

«እሷ ወንድሟን ነው የምትጠብቀው።»

«እህ። ወንድም ይጠብቃል፤ ፉጨትም ይጠብቃል። ሁለቱን ይጠብቃል።»

እውነቱን ነበር። ክረምቱ ሲገባ ደብሬ የፖስታውን ቀን ታውቀው ጀመር። ዱጋሳ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲደርስ እግር መታጠቢያ ውሃ ታሞቃለች። «የለም» ይላታል። «እሺ» ትላለች። ከዚያ ይቀመጣሉ።

«ዛሬስ ምን አስፈራህ?»

«ዝንጀሮ።»

«ዝንጀሮ ምን ያደርጋል?»

«አፈጠጠብኝ።»

«ምን ያድርግ፣ ፖስታ ይጠብቅ ይሆናል።»

አንድ ቀን ሊሄድ ሲነሳ የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለችለት። እጇ ትከሻው ላይ ትንሽ ቆየ። ዱጋሳ ያን ቀን የቀርከሃውን ጫካ ምንም ሳይፈራ አለፈው፤ ማለፉንም ያወቀው ከወጣ በኋላ ነው።

መስከረም ላይ አሶሳ አንድ አዲስ ሰው መጣ። ሀብቱ ይባላል። የትራክተር ኦፕሬተር ነው፤ ከመተከል፣ ከፓዊ ሰፈራ ተዛውሮ የመጣ። ዱጋሳ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አገኘውና እንደ ልማዱ ጠየቀው። የአምባሰል ልጅ፣ አንለይ የሚባል፣ ሲስቅ አፉን የሚሸፍን።

ሀብቱ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ለእሱ ምኑ ነህ?»

«ፖስተኛ ነኝ።»

«አንድ ድንኳን ውስጥ ነበርን። ሳቂታ ልጅ ነበር...» ሀብቱ አንገቱን ወዘወዘ። «ወባ ነው። የመጀመሪያውን ክረምት እንኳ አላለፈም። እኔ ነኝ የቀበርኩት። ‹እህት አለችኝ› ይል ነበር። የት እንዳለች ግን አያውቅም።»

ዱጋሳ ቁጭ አለ። በሕይወቱ ብዙ ነገር ፈርቷል፤ እንደዚህ ያለ ፍርሃት ግን አያውቅም። ሌላው ፍርሃት እግርን ያስሮጣል። ይህኛው እግሩን ነው የወሰደው።

ቤት ሲገባ አክስቱ ጠጂቱ ፊቱን አይታ ሁሉንም አስወጣችው።

«ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው» አለችው። «እነሱ በወጉ ያርዷት። አንተ ምን አገባህ?»

«ቃል ገብቻለሁ፣ አዳዳ፣ አክስቴ። ለብቻሽ እነግርሻለሁ ብያታለሁ።»

ጠጂቱ አየችው። በወንድሟ ልጅ ልብ ውስጥ ያለው ነገር አልጠፋትም።

«የኔ ልጅ፣ መርዶ የነገረንን ሰው አፍቅረን እናውቃለን? ፊቱን ባየን ቁጥር የሞተብንን ነው የምናየው።»

ዱጋሳን የገደለው ይህ ነው። ቃሉን ቢጠብቅ ያጣታል። ቃሉን ቢያጥፍ... ቢያጥፍ ደግሞ አትሰማም፤ ይከርማል፤ ማን ያውቃል፣ ጊዜ ሲያልፍ ይቀላል...

የፖስታው ቀን ደረሰ። ዱጋሳ ከቀርከሃው ጫካ ወጣ። የደብሬን ጎጆ አየ። ደጇ ላይ ቆማ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ እሱ ትመለከታለች።

አፏጨ።

እንደዚያ ቀን ጥርት ብሎለት አያውቅም።

«ዛሬማ ተካንክበት» አለችው እየሳቀች። እሸት በቆሎ ጠብሳ ነበር የጠበቀችው። ትልቁን መርጣ ሰጠችው።

«ሌሊት አንለይን በሕልሜ አየሁት» አለች። «ወፍሯል። ነጭ ለብሷል። ነጭ መልበስ ጥሩ ነው አይደል?»

«ጥሩ ነው» አለ ዱጋሳ።

«እናንተ አገር ጥሩ ነው ይላሉ?»

«ይላሉ።»

በቆሎው አፉ ውስጥ አሸዋ ሆነ። ቢውጠው አልወርድ፣ ቢተፋው ነውር።

«ምነው አትበላም? አሞሃል?»

«አይ... ትኩስ ሆኖብኝ ነው።»

ሲመለስ ሻዕባን መንገዱ ላይ ጠበቀው። ውሃ ሰጠው። ዱጋሳ ውሃውን ይዞ ሳይጠጣው ቆመ፤ ሁሉንም ነገረው። ሻዕባን አልቀለደም።

«ዱጋሳ፣ አንተ ጅብ ይፈራል፣ እሺ። ውሻ ይፈራል፣ እሺ። ይህ ግን... ሙት ነው። የእሷ ሙት ነው። አንተ ለምን ይይዛል? የሰው ዕቃ ነው። ስጠው።»

ዱጋሳ ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላየም።

በሳምንቱ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። ደብሬ ወንዝ ወርዳ ልብስ ታጥባለች ብለው ነገሩት። ወረደ። ብቻዋን ነበረች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ድንጋይ ላይ ልብስ ትወቅጣለች። የእግር ኮቴ ሰምታ ዞረች። ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ቆመ።

«ዱጋሳ፣ አፏጭ።»

ዝም አለ።

«አፏጭ እንጂ።»

«አልችልም።»

እጇ ውስጥ ያለው ልብስ ውሃውን እያንጠባጠበ ቀረ።

«በወባ ነው» አለ ዱጋሳ። «ፓዊ። በመጀመሪያው ክረምት። አብሮት የነበረ ሰው ነው የነገረኝ። ‹እህት አለችኝ› ይል ነበር አለኝ...»

ደብሬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። በጣም ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«መቼ ሰማህ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። ዛሬ ጠዋት ቢል ማን ያውቅበታል? አፉንም ከፍቶ ነበር።

«ባለፈው ሳምንት» አለ።

«ባለፈው ሳምንት አፏጭተህ ነው የመጣኸው።»

«አዎ።»

«በቆሎ ጠበስኩልህ። ሕልሜን ነገርኩህ። ‹ጥሩ ነው› አልከኝ።»

«ፈርቼ ነው፣ ደብሬ።»

«ሂድ።»

«ደብሬ...»

«ሂድ አልኩህ።»

ያኔ ነው ለቅሶው የመጣው። ዱጋሳ ግን አልሄደም። ሐዘንተኛ ውሃ ዳር ብቻውን አይተውም። ራቅ ብሎ ቆመ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ሴቶቹ ለቅሶውን ሰምተው እስኪመጡ ድረስ ቆመ።

ከሴቶቹ ኋላ ወንዶቹ መጡ። አባ ፈንታ እንደዚያ ተቆጥተው ታይተው አያውቁም።

«መርዶ? ለሴት ልጅ፣ ለብቻዋ፣ ወንዝ ዳር? ራሷን ውሃ ውስጥ ብትወረውርስ? አንተ ሰው አይደለህም?»

ያኔ ሳይሞት አስለቀሰ፤ አሁን ሲሞት እንደ ዶሮ ሞት እንዲያው በሜዳ ተናገረ። መንደሩ በሁለቱም አልማረውም። ዱጋሳ «ራሷ ናት ያለችኝ» ሊል ይችል ነበር። ግን እሷ መሬት ላይ ወድቃ እያየ ጥፋቱን በእሷ ማላከክ አላስቻለውም። ሚሊሺያው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወሰደው።

የሰፈራው አስተባባሪ ነገር አላበዛም። «ሕዝቡ ካልፈለገህ ሌላ ሰው እንቀጥራለን» አለው። «በሣልስቱ ማግስት ስብሰባ አለ። ይወስናሉ።»

በስብሰባው ቀን ዱጋሳ ከሰው ጀርባ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዟል። አንዱ ተነስቶ «ይባረር» አለ። ሌላው «ሰይጣን የላከብን ነው» አለ። አባ ፈንታ ሊናገሩ ሲነሱ ሰዉ ከወደ ኋላ ተከፈለ። ደብሬ ነች። ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለች። ድምጿ ከለቅሶ የተነሳ ሻክሯል። «ከሰማህ ለብቻዬ ንገረኝ አልኩት። ቃል አስገባሁት። በእኔ ጥፋት ከእንጀራው አታፈናቅሉት።»

ስትመለስ በዱጋሳ አጠገብ አለፈች። ቆም አለች።

«ስለ መርዶው አልተቆጣሁህም» አለችው ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ስለ ፉጨቱ ነው። ሥራህን ሥራ። ደጄ ግን እንዳትደርስ።»

ሥራውን ሠራ። የእሷን መስመር ደብዳቤ አባ ፈንታ ቤት እያስቀመጠ ይመለሳል። ማፏጨት ተወ። ሻዕባን እንኳ «እባብ ናፈቀ» አላለውም።

ኅዳር ሲገባ ዱጋሳ አስተባባሪውን የይለፍ ወረቀት ለመነ። ፓዊ ልሄድ ነው አለ። ጠጂቱ ሰምታ ጭንቅላቷን ያዘች። ዓባይ መሐል ስላለ ቀጥታ መንገድ የለም፤ በነቀምት ዞሮ፣ ከመኪና መኪና እየለወጠ፣ በየኬላው እየተፈተሸ ነው የሚኬደው። ፈተሻ ደግሞ ዱጋሳ ምንም ሳይዝ እንኳ ወንጀለኛ የሚመስልበት ነገር ነው። በአንዱ ኬላ «ምን ያልብሃል?» ብለው ከመኪና አውርደው አሳድረውታል።

ደረሰ። ሀብቱ ስማቸውን የነገረው ልጆች መቃብሩን አሳዩት። ሣር ውጦታል። ሣሩን ነቀለ፤ ድንጋይ እየለቀመ ዙሪያውን ከበበው። ከዚያ ከሰፋሪዎቹ መሐል አንድ ቄስ ፈልጎ አገኘ።

«አባ፣ የሞተ ሰው ላስፈታ ነው የመጣሁት። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ሥርዓቱን አላውቀውም» አለ። በዚያ ዘመን ይህን ለማያውቁት ሰው መናገር ምን ያህል እንደሚያስፈራ የነበረ ያውቀዋል።

ቄሱ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ማን ልበል?»

«አንለይ።»

«የክርስትና ስሙን ነው የምልህ፣ ልጄ። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው።»

ዱጋሳ ያን ሁሉ አገር ዞሮ፣ ያን ሁሉ ኬላ አልፎ፣ የክርስትና ስሙን አልያዘም።

ወደ አሶሳ ሲመለስ ከሁሉ የሚፈራው ነገር ስሙን መጠየቁ ነበር። ስሙን የምታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ናት። ደጄ እንዳትደርስ ብላዋለች።

መንገዱ ዳር ካለው ግራር ሥር ቆመ። ደብሬ አየችው። አልተነሳችም።

«ምን አልኩህ?»

«አልደርስም። ከዚሁ ነው። የወንድምሽን የክርስትና ስም ልጠይቅሽ ነው።»

«ለምን?»

«ቄሱ ጠየቁኝ።»

«የትኛው ቄስ?»

«የፓዊው።»

ደብሬ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ፓዊ ሄድክ?»

«ሄድኩ።»

«አንተ?»

«እኔ።»

«ስሙን ሳትይዝ?»

«ሳልይዝ...»

ደብሬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ዱጋሳ የምታለቅስ መስሎት ወደ ኋላ ሊል ሲል ሳቋን ሰማ። እያለቀሰች ነበር፤ እየሳቀችም ነበር።

«ወልደ ሚካኤል ነው» አለችው። «አሁን እንግዲህ ያን ሁሉ መንገድ ልትመለስ ነው?»

«ደብዳቤ እጽፋለሁ። ፖስተኛ አይደለሁ።»

ውሻውን አሰረችና ግባ አለችው። መቃብሩ ምን እንደሚመስል፣ ልጆቹ ስለ አንለይ ምን ምን እንዳወሩለት፣ በየኬላው እንዴት እንደፈራ፣ አንድም ሳይደብቅ ነገራት። ወሬው ካደረበት ኬላ ሲደርስ የምሩን እንባው መጣ። ደብሬም ያኔ ነው እጁን የያዘችው።

ሐዘኗን እስክትጨርስ ሌላ ነገር አላነሱም። የሙት ዓመቱ ወጣ። ፀጉሯ አደገ። በጥር አንድ ቀን ደጇ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣

«አሁን ምንድን ነው የሚያስፈራህ?» አለችው።

«አንቺ።»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«እምቢ እንዳትዪኝ።»

«እምቢ ብልስ?»

«ደብዳቤ አመላልሳለሁ።»

«እሺ ብልስ?»

ዱጋሳ ብዙ አሰበ።

«እሱማ ይብሳል» አለ።

ደብሬ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

«እሺ» አለችው። «ግን ሽማግሌ አትላክብኝ። እዚህ ደጅ ላይ ሽማግሌ ተሰልፎ ማየት አልችልም። አንተ ራስህ አባ ፈንታ ቤት ሂድና ንገራቸው። አባቴ ማለት ናቸው።»

«ብቻዬን?»

«ብቻህን።»

በማግስቱ ሄደ። እኩለ ቀን ነበር። አባ ፈንታ ማጭድ እየሳሉ ነበር። ቀና ሲሉ ፖስተኛው በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ፊቱ ነጭ ሆኖ በራቸው ላይ ቆሟል። የአባ ፈንታ ልጅ ጦር ግንባር ነው።

ማጭዱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ማን ነው?» አሉ። «ንገረኝ ግዴለም... ልጄ ነው?»

ዱጋሳ አይደለም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። አባ ፈንታ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ።

«ማን ሞተብኝ?»

«ማንም አልሞተም፣ አባ» አለ ዱጋሳ በመጨረሻ። «ደብሬን... ደብሬን ላገባ ነው።»

አባ ፈንታ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንስተው፣ በጣምም ሳይሆን በትንሹም ሳይሆን፣ ጭኑን ሸነቆጡት።

«በል ግባ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነህና እንደ ሰው በር ላይ መቆም አስተምርሃለሁ።»